ፒክአፑ የሚጎትተውና የሚሸከመው፦ የአንድ ፊፍዝ ዊል ካምፐር የክብደት ጉዳይ ጥናት

ከዴንቨር በስተምሥራቅ በምትገኘው የኦሮራ ከተማ፣ ኮሎራዶ፣ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሦስት ልጆቹን ይዞ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ዩታ ውስጥ እስከሚገኘው አርችስ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ ለመጓዝ አቅዶ አዲስ ፊፍዝ ዊል ካምፐር፣ ማለትም የፊት አካሉ በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ላይ የሚያርፍ ተጎታች የጉዞ ቤት፣ በብድር ገዛ። ፒክአፑ ቀድሞም የነበራቸው ነው፤ በአሜሪካ ገበያ «ግማሽ ቶን» ተብሎ ከሚጠራው መደብ፣ ማለትም እነ ፎርድ ኤፍ-150፣ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500ና ራም 1500 ከሚገኙበት ምድብ የሆነ፣ አራት በር ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ቱርቦ የተገጠመለት የቤንዚን መኪና። ካምፐሩን የሸጠላቸው ድርጅት ሠራተኛ የመኪናውን የመጎተት አቅም ከሠንጠረዥ አውጥቶ 11,300 ፓውንድ መሆኑን፣ ካምፐሩ ደግሞ ባዶውን 7,950 ፓውንድ እንደሚመዝን አሳያቸውና ከሦስት ሺህ ፓውንድ በላይ ትርፍ አቅም እንዳላቸው ነገራቸው። ካምፐሩ በማስታወቂያውም ላይ ለግማሽ ቶን ፒክአፕ የሚስማማ ተብሎ የቀረበ ነበር። ውሉ ተፈረመ፣ ካምፐሩም ወደ ቤት መጣ።

አባትየው ወደ እኔ ሲደውሉ የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከዴንቨር በስተምዕራብ በተራራው ላይ ወዳለው አይዘንሃወር ዋሻ የሚያወጣውን ዳገት መኪናው ይችለዋል ወይ? እኔ በከባድ መኪና አሽከርካሪነት ስለምተዳደር በዚያ መንገድ ጭነት ይዤ እመላለሳለሁ፤ ሆኖም መልሱን ከሞተሩ ጉልበት መጀመር ትክክል አልመሰለኝም። የሾፌሩን በር ከፍተው በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን፣ የጎማ ንፋስ ልክ የሚጻፍበትን ነጭና ቢጫ ወረቀት ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱ የተሳፋሪዎችና የዕቃ ድምር ክብደት ከ744 ኪሎ ግራም ወይም ከ1,640 ፓውንድ ፈጽሞ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ቤተሰቡ ቁጥሮቹን እንድጠቀምባቸው ፈቅዶልኛል፤ የሻጩን ድርጅትም ሆነ የመኪናውንና የካምፐሩን ሞዴል ግን አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ስሌት በየትኛውም አምራች መኪና ላይ ሊገጥም ይችላልና።

ፊፍዝ ዊል ከሌላው ተሳቢ የሚለየው በሚያያዝበት ቦታ ነው። ተራው የካምፐር ተሳቢ ከመኪናው ኋላ፣ ከመከላከያው ሥር ባለ ኳስ መሰል ማያያዣ ላይ ይታሰራል፤ ከክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በመኪናው ላይ ያሳርፋል። ፊፍዝ ዊል ግን እንደ ግማሽ ተሳቢ ከባድ መኪና ሁሉ የፊት አካሉ በፒክአፑ የጭነት ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ኪንግ ፒን የሚባለው ወፍራም ብረት ከኋላ አክስል በላይ ወይም ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በተተከለ ማያያዣ ላይ ይቀመጣል፤ በመኪናው ላይ የሚያሳርፈውም ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ለጉዞ ተጭኖ ሲታይ ደግሞ ከ20 በመቶ በታች መሆኑ ብዙም አይገጥምም። ስለዚህ መኪናው ካምፐሩን ይጎትተዋል ብቻ ሳይሆን አንድ አምስተኛውን ይሸከመዋል ማለት ነው። የሚሸከመው ደግሞ የሚቆጠረው ከሰዎቹ፣ ከሻንጣውና ከማያያዣው ብረት ጋር ተደምሮ በበሩ ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ላይ ነው።

የመጎተት አቅም ተብሎ በማስታወቂያ የሚወጣው ቁጥር ሐሰት አይደለም። ጄ2807 የተሰኘውና የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው የመለኪያ ደንብ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ አምራች በራሱ ዘዴ የለካውን ቁጥር ያትም ነበር፤ ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ደንቡን ቀድሞ ከተቀበለ በኋላ ሌሎቹም ትልልቅ የፒክአፕ አምራቾች ተከትለዋል። ደንቡ መኪናው አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በሚባለው ረጅም ዳገት ላይ፣ በከባድ ሙቀት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሳይወርድ መውጣቱን ይፈትናል፤ ከቆመበት መነሣቱን፣ ፍሬኑንና አያያዙንም ይለካል። ጠንካራ ፈተና ነው። ይሁን እንጂ በፈተናው መኪና ውስጥ የሚቀመጡት እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሦስት ልጆች፣ ማቀዝቀዣ ሣጥንና የመሣሪያ ሳጥን በዚያ ስሌት ውስጥ የሉም። ሠራተኛው ያነበበው ቁጥር ትክክል ነበር፤ የዚህን ቤተሰብ ሁኔታ ግን አይገልጽም።

ከሚዛኑ በፊት የተሠራው ሒሳብ

ካምፐሩን ሳናንቀሳቅስ በፊት በወረቀት ላይ እንዲሠራ ያልኩት ሒሳብ የሚከተለው ነው። አባትየው 180፣ እናትየዋ 140፣ ሦስቱ ልጆች በድምሩ 220 ፓውንድ ይመዝናሉ፤ ሁሉም ልብስና ጫማቸውን እንደለበሱ ነው የተመዘኑት። የመኪናው የጭነት ሳጥን አጭር ስለሆነ፣ መኪናው ሲታጠፍ የካምፐሩ አፍንጫ የሾፌሩን ክፍል የኋላ መስታወት እንዳይመታ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማያያዣ አስፈልጓል፤ የዚህ ዓይነቱ ማያያዣ ከተራው ይከብዳልና ከነመቀመጫ ሐዲዱ 210 ፓውንድ ሆነ። የመሣሪያ ሳጥን፣ የጎማ ማስተኛ እንጨትና ማቀዝቀዣ ሣጥን ሲጨመሩ ሌላ 100 ፓውንድ። ድምሩ 850 ነው። ከ1,640 ላይ ሲቀነስ ለካምፐሩ ፒን የሚቀረው 790 ፓውንድ ብቻ ነው፤ 358 ኪሎ ግራም ገደማ።

የካምፐሩ መግለጫ ወረቀት ደግሞ ባዶውን በፒኑ ላይ የሚያሳርፈው 1,410 ፓውንድ መሆኑን ይገልጻል። እዚህ ላይ ነገሩ ከአስተያየት ወጥቶ መደመርና መቀነስ ብቻ ይሆናል። ቤተሰቡ ምንም ዕቃ ባይጭን፣ ውኃ ባይሞላ፣ እናትየዋና ልጆቹም በሌላ መኪና ቢሄዱ፣ አባትየው ብቻቸውን ባዶውን ካምፐር ሲጎትቱ እንኳ የእሳቸው 180፣ የማያያዣው 210ና የፒኑ 1,410 ተደምሮ 1,800 ፓውንድ ይሆናል፤ ከተፈቀደው በ160 ይበልጣል። ለግማሽ ቶን የሚስማማ ተብሎ የተሸጠው ካምፐር ከሻጩ ግቢ በር ሲወጣ ጀምሮ ለዚህ ግማሽ ቶን አልተስማማም ነበር። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አምኖ የገዛን ቤተሰብ ማንም ሊወቅስ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ መኪናውን ሳያይ ለመኪናው ይሆናል የሚል ሰው ግን የሚናገረውን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባዋል።

አባትየው በዚህ ሒሳብ ወዲያው አልተስማሙም። «ወንድሜ፣ ካምፐሩን ከሻጩ ግቢ እስከ ቤት ይዤው መጥቻለሁ፤ መኪናው እኮ ምንም አልከበደውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ከኋላ በኳስ የሚታሰር ተሳቢ ሲከብድ የመኪናውን ጅራት ይጫነዋል፣ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፣ በንፋስም ይወዛወዛል፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ወዲያው ያውቀዋል። የፊፍዝ ዊል ክብደት ግን በኋላ አክስል አናት ላይ ስለሚያርፍ የፊት ጎማው አይቀልም፣ ተሳቢውም አይወዛወዝም። መሪው ጸጥ እንዳለ ከተፈቀደው የሚበልጥ ጭነት የኋላውን ባሌስትራ፣ የአክስሉን ኩሽኔታና ጎማውን ይጫናል። በፊፍዝ ዊል ላይ የአነዳዱ ምቾት ስለ ክብደቱ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ሚዛን ላይ እንውጣ አልኳቸው።

ሚዛን ላይ

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ባሉ የከባድ መኪና ማረፊያዎች የሕዝብ ሚዛን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። በብዛት የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1977 አዮዋ ውስጥ የተቋቋመው ካት ስኬል ነው፤ እያንዳንዱን አክስል በተለያየ ሰሌዳ ላይ ለየብቻ ይመዝናል፣ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋም የታተመ ወረቀት ይሰጣል። ከባድ መኪና የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ የካምፐር ባለቤቶች ግን ሚዛኑ ለእነሱም ክፍት መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቁም። በቅድሚያ ቤተሰቡ ለጉዞው የሚይዘውን ሁሉ እንዲጭን ተደረገ፤ ነዳጁ ሙሉ፣ የካምፐሩ የንጹሕ ውኃ ታንክ ሙሉ፣ አምስቱም ሰዎች በመኪናው ውስጥ። የፊት ጎማው በመጀመሪያው ሰሌዳ፣ የኋላው በሁለተኛው፣ የካምፐሩ ሁለት አክስሎች በሦስተኛው ላይ ቆመው ተመዘነ። ከዚያ ካምፐሩ በማረፊያው ግቢ ተፈትቶ ፒክአፑ ብቻውን ከነሰዎቹ እንደገና ወጣ። ሁለተኛው ምዘና ከሌለ የፒኑን ክብደት ማወቅ አይቻልም፤ ፒኑ የሚታወቀው መኪናው ከካምፐሩ ጋርና ያለ ካምፐሩ ሲመዘን ባለው ልዩነት ነውና።

ፒክአፑ ብቻውን ፊቱ 3,220፣ ኋላው 3,040፣ በድምሩ 6,260 ፓውንድ ሆነ። ካምፐሩ ሲታሰርበት ፊቱ 3,260፣ ኋላው 4,840፣ በድምሩ 8,100 ደረሰ። የካምፐሩ አክስሎች 7,340 ተሸክመዋል። ልዩነቱ፣ ማለትም የፒኑ ክብደት፣ 1,840 ፓውንድ ሲሆን የካምፐሩ ሙሉ ክብደት 9,180 ነው፤ ፒኑ ልክ 20 በመቶውን ይዟል ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 15,440 ፓውንድ፣ ሰባት ቶን ገደማ ይሆናል።

ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል አባትየው ቀድመው ያዩት የመጨረሻውን ነበር። አምራቹ ለመኪናውና ለተሳቢው በጋራ የፈቀደው ጥምር ክብደት 17,100 ፓውንድ ስለሆነ 15,440 ከዚያ በታች ነው፤ ካምፐሩም 9,180 በመሆኑ ከ11,300ው የመጎተት አቅም በታች ነው። በእነዚህ በሁለቱ መለኪያዎች ብቻ የሚፈርድ ሰው ምንም ችግር አያይም። መኪናው ራሱ ግን በበሩ ምሰሶ ላይ ጂ.ቪ.ደብሊው.አር ተብሎ የተጻፈለት የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 7,050 ፓውንድ ሆኖ ሳለ 8,100 ተገኘ፤ 1,050 ፓውንድ ትርፍ። የኋላ አክስሉ የተፈቀደለት 4,050 ሲሆን 4,840 ተሸክሟል፤ 790 ፓውንድ ትርፍ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚነግሩን ስለ ሞተሩ አይደለም፤ ስለ ሻንሲው፣ ስለ ባሌስትራው፣ ስለ ኩሽኔታው፣ ስለ ጎማውና ስለ መኪናው ስለራሱ ፍሬን ነው።

ጎማውን በቅርብ አየነው። በጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት መለያ 116 ነው፤ ይህም 1,250 ኪሎ ግራም ወይም 2,756 ፓውንድ ማለት ነው። ነገር ግን የመንገደኛ መኪና ጎማ በፒክአፕ ላይ ሲገጠም የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የመጫን አቅሙ ለ1.10 ተካፍሎ እንዲታሰብ ያዛል፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ 2,505፣ ሁለቱ 5,010 ፓውንድ ገደማ ይችላሉ። የኋላ አክስሉ ላይ ያለው 4,840 ነው። የቀረው 170 ፓውንድ ሲሆን እሱም ንፋሱ ጎማው እስከሚችለው ድረስ ከተሞላ ነው፤ በበሩ ወረቀት ላይ ለዕለት ተዕለት አነዳድ በተጻፈው የንፋስ ልክ ከሆነ አቅሙ ከዚያም ያንሳል። በሐምሌ ፀሐይ ወደ ዩታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የግራንድ ጃንክሽን ከተማ አስፋልት ለሚረግጥ ጎማ ይህ ጠባብ ኅዳግ ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ነገር ጭነቱ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ካምፐሩ ባዶውን 7,950፣ ተጭኖ 9,180 ስለሆነ የተጨመረው 1,230 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 50 ጋሎን ውኃ ብቻውን 417 ይመዝናል፤ አንድ ጋሎን ውኃ 8.34 ፓውንድ ነውና። ሁለት የጋዝ ሲሊንደሮች 60 ፓውንድ ጋዝ ይይዛሉ፤ ሁለቱ ባትሪዎች 120 ያህል ናቸው። የቀረው ስድስት መቶ ሠላሳ የሚሆነው አልጋ ልብስ፣ ምግብ፣ ብስክሌት፣ ድስትና የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ፒኑ ግን ከ1,410 ወደ 1,840 አደገ፤ ከተጨመረው ውስጥ 430ው፣ ማለትም ከሲሶ በላይ የሆነው፣ በመኪናው ላይ አርፏል። ምክንያቱም ባትሪው፣ ጋዙና ትልቁ የዕቃ ማስቀመጫ ያሉት በካምፐሩ የፊት ክፍል ነው። በመግለጫ ወረቀት ላይ ያለው የባዶ ፒን ክብደት እነዚህ ሳይገቡ የተመዘነ በመሆኑ ለገዥው የሚጠቅመው ከዚህ በታች አይሆንም ለማለት ብቻ ነው። መኪና ሳይገዛ በፊት ማስላት የሚፈልግ ሰው የካምፐሩን የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ወስዶ ሩቡን ቢይዝ ይሻለዋል፤ በዚህኛው ላይ 9,950 ስለሆነ ሩቡ 2,490 ገደማ ነው። ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ መኪና የመረጠ ሰው ግን ሚዛን ላይ አይደነግጥም።

ስለ ዳገቱና ስለ ቁልቁለቱ

የአባትየውን ጥያቄ ሳይመለስ መተው አልፈለግሁም። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ናት፤ በኢንተርስቴት 70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ 11,158 ጫማ ወይም 3,401 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ስለሚያጣ እዚያ ሲደርስ ሲሶው ሄዷል። የዚህ ቤተሰብ መኪና ቱርቦ ስላለው ብዙም አያጣም፤ ዳገቱን ይወጣዋል። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ከመኪናው አካል ሁሉ ብርቱው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሌላው አካል የማይችለውን ጭነት ከዋሻው ማዶ ያደርሰዋል።

ከዋሻው ማዶ ያለው ደግሞ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት ነው፤ እስከ 7 በመቶ የሚደርስ፣ ፍሬናቸው ለከዳቸው መኪኖች የጠጠር ማምለጫ መንገዶች የተሠሩለት። በ7 በመቶ ቁልቁለት 15,440 ፓውንድ የሚመዝን ጥምር ያለ ማቋረጥ በ1,080 ፓውንድ ኃይል ወደ ታች ይገፋል። ካምፐሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው፤ ሾፌሩ ከውስጥ በመቆጣጠሪያው ያስተካክለዋል። በፒኑ በኩል መኪናው ላይ የተጫነውን ግን የሚይዘው የመኪናው ፍሬን ነው፤ ያ ፍሬን ደግሞ ለ7,050 ፓውንድ እንጂ ለ8,100 አልተሠራም። ካምቢዮው ዝቅ ተደርጎ በሞተር ሲያዝ ሥራው ይቀልለታል፤ ሆኖም የቤንዚን ሞተር ቁልቁለት ላይ የመያዝ ኃይሉ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካለው ናፍጣ ያንሳል።

መንጃ ፈቃድን በሚመለከት የቤተሰቡ ጥምር ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። የንግድ መንጃ ፈቃድ መነሻ የሆነው 26,001 ፓውንድ ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ይህ ሲባል ግን እኔ በሥራዬ በየጣቢያው በሚዛን ላይ እንድወጣ እየተገደድኩ፣ መኪናውና ካምፐሩ በድምሩ ሰባት ቶን የሚመዝንበትን ቤተሰብ በመንገዱ ላይ ማንም አስቁሞ አይመዝነውም ማለት ነው። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በሾፌሩ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህም ሚዛኑን ራሱ ፈልጎ መውጣት አለበት።

የቀረቡት መፍትሔዎች

በመጀመሪያ የቀረበው መፍትሔ ከአንድ ጋራዥ የመጣ ነው፤ በኋላ ባሌስትራው ላይ የአየር ከረጢት ማስገጠም። የአየር ከረጢቱ የወረደውን የመኪና ጅራት ቀና ያደርገዋል፤ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ማየቱን ይተዋል። የተፈቀደውን ክብደት ግን በአንድ ፓውንድ እንኳ አይጨምርም፤ አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ይህንኑ ይጽፋሉ። እንዲያውም መኪናው ቀና ብሎ ስለሚታይ ትርፍ ጭነቱ ከዓይን ይሰወራል። ወፍራም የጭነት ጎማ መግጠምም እንዲሁ ጎማውን ያድናል እንጂ አክስሉንና ፍሬኑን አያድንም። ዕቃ መቀነስ እንደማይበቃ ቀድሞ ታይቷል፤ ካምፐሩ ፈጽሞ ባዶ ቢሆን እንኳ ቤተሰቡ ከነማያያዣው 850 ሲጨመርበት 2,260 ስለሚሆን ከበሩ ቁጥር በ620 ያልፋል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱ መለወጥ ነበረበት፤ ካምፐሩ ወይም መኪናው።

መኪናው ሳይለወጥ በኳስ የሚታሰር ተራ ተሳቢ ቢገዛ የፊፍዝ ዊሉ ማያያዣ ስለሚወርድ ከ1,640 ላይ ሰዎቹና ዕቃው 640 ወስደው አንድ ሺህ ይቀራል፤ ክብደት የሚያከፋፍለው ማያያዣ 100 ያህል ሲወስድ 900 ይተርፋል። ተሳቢው 15 በመቶውን ያሳርፋል ብለን ብናስብ ተጭኖ እስከ 6,000 ፓውንድ ሊመዝን ይችላል ማለት ነው። እኔ በግሌ ይህን መንገድ እመርጥ ነበር፤ ለአምስት ሰው በቂ የሆነ በዚህ ክብደት የሚሠራ ተሳቢ ይገኛል፣ የነዳጅ ወጪውም ያነሰ ነው። ሆኖም ካምፐሩ አዲስ ስለነበረ ሻጩ መልሶ ሊገዛ ያቀረበው ዋጋ ከብድሩ ቀሪ በብዙ ሺህ ዶላር ያነሰ ሆነ። ፒክአፑ ግን ዕዳ የሌለበትና ገበያው የሚፈልገው ዓይነት ነበር። እናትየዋም ለልጆቹ የተለየ የመኝታ ክፍል ያለውን ይህን ካምፐር አስበውበት የመረጡት መሆኑን ገልጸው፣ የሚለወጥ ካለ መኪናው ይሁን አሉ። ሒሳቡም ደገፋቸው።

ቀጥሎ የታየው የሦስት አራተኛ ቶን መደብ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ብዙ ሰው ፊፍዝ ዊል ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ይህን ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን የተጻፈው 2,050 ፓውንድ ነበር። ይህ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የዚህ መደብ መኪኖች ብዙዎቹ ጠቅላላ ክብደታቸው በ10,000 ፓውንድ እንዲገደብ ተደርገው ይመዘገባሉ፤ የናፍጣ ሞተሩና ካምቢዮው ራሱ ከባድ ስለሆነ መኪናው ባዶውን ስምንት ሺህ ሊጠጋ ይችላል፤ የቀረው ነው ለሰውና ለፒን የሚተርፈው። ቤተሰቡ የሚያስፈልገው 850ና 1,840፣ በድምሩ 2,690 ነው። ትልቅ የመጎተት ቁጥር ያለው፣ ዋጋውም ውድ የሆነ መኪና ተገዝቶ ያው ችግር በትንሹ ይቀጥል ነበር።

በመጨረሻ የተገዛው ያገለገለ፣ የአንድ ቶን መደብ፣ ከኋላ በየጎኑ አንድ ጎማ ያለው የቤንዚን ፒክአፕ ነው። የበሩ ወረቀት 3,780 ፓውንድ ይላል። የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ 10,400፣ የኋላ አክስሉ 6,730፣ ጥምር ክብደቱ 19,500 ነው። ካምፐሩ እስከ ተፈቀደለት 9,950 ቢጫንና ፒኑ ሩቡን ቢይዝ እንኳ ከቤተሰቡ ጋር 3,340 ስለሚሆን ከ400 ፓውንድ በላይ ይተርፋል። ሞተሩ ቱርቦ ስለሌለው የአይዘንሃወርን ዳገት ከቀድሞው መኪና ይልቅ በዝግታ፣ ከከባድ መኪኖቹ ጋር በቀኝ መስመር ይወጣዋል። አባትየው ይህን አውቀው ተቀበሉት፤ እኔም ተገቢ ውሳኔ ነው ብያለሁ።

አዲሱ መኪና ከመጣ በኋላ የተስተካከለ አንድ ነገር ነበር። የአንድ ቶን ፒክአፕ የጭነት ሳጥን ከግማሽ ቶኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ካምፐሩ ሲታሰር አፍንጫው ወደ ላይ ቀና አለ፤ ይህም ከካምፐሩ ሁለት አክስሎች የኋለኛውን ከልክ በላይ ይጫነዋል። የማያያዣው ራስ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ተደርጎ ተገጠመ። ከዚያ በሳጥኑ ግድግዳና በካምፐሩ ሆድ መካከል ያለው ክፍተት ተለካ፤ ስድስት ኢንች ቀርቷል። ይህ ክፍተት ከጠበበ መኪናው ወጣ ገባ ያለ መግቢያ ሲያቋርጥ ካምፐሩ ሳጥኑን ይደቁሰዋል፤ ስለዚህ ካምፐሩን ለማስተካከል ብሎ ያለ ልክ ማውረድ አይገባም።

በሁለተኛው የሚዛን ቀን ቤተሰቡ ዕቃ ጨምሮ መጥቷል። ፊቱ 4,240፣ ኋላው 5,120፣ የካምፐሩ አክስሎች 7,420፣ ጠቅላላው 16,780 ፓውንድ ሆነ። መኪናው ብቻውን 7,460 ስለነበር ፒኑ 1,900፣ ካምፐሩ 9,320 ነው። የመኪናው ክብደት 9,360 ሆኖ ከተፈቀደለት በ1,040 ያንሳል፤ የኋላ አክስሉም 1,610 ይቀረዋል። ካምፐሩ ግን ከተፈቀደለት 9,950 የቀረው 630 ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ወሰኑ ያለው በካምፐሩ በኩል እንጂ በመኪናው በኩል አይደለም፤ ዕቃ በተጨመረ ቁጥር የሚታየውም የእሱ ወረቀት ይሆናል። ለዚህም ሲባል ንጹሕ ውኃው ከቤት ሳይሆን ካምፕ ከሚደረግበት ቦታ አጠገብ እንዲሞላ፣ ለመንገድ የሚሆን ጥቂት ብቻ እንዲያዝ፣ ሲመለሱም የፍሳሽ ታንኮቹ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት እንዲደፉ ተስማምተናል፤ አባትየውም ሁለቱን የሚዛን ወረቀቶች ከመኪናው ምዝገባ ወረቀት ጋር አያይዘው በመሳቢያው ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል።